ከዳንቴሉ ሥር

ደባርቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዝናቡ፣

ሰሞኑን መናኸሪያ ቆሜ አንድ የሚኒባስ ረዳት ለተሳፋሪው፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ ሥራ የያዘው በጨዋታ ነው» ሲለው ሰማሁ። ጣቱን የቀሰረው ወደ እኔ ነው። እውነት ስለሆነ አልተቆጣሁም። ዘወር ብዬ፣ «አዎ፣ አሸንፌ ነው» አልኩት። ተሳፋሪው እጄን ጨበጠኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በዚያው ቀን ነው። እንዴት ከረምክ? ቤተሰብ እንዴት ነው? ሙቀቱስ ለመዳችሁ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ወለተ ጊዮርጊስ ደህና ናት። ብርዱም እንደምታውቀው ደህና ነው።

ለጥያቄህ መልሱ አዎ ነው፤ ፍሎፒው አለ። የት እንዳስቀመጥኩት ግን አልነግርህም። ቅር አይበልህ። ከሄድክ ጀምሮ የላክህልኝ የበዓል ካርድ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ካርድ በኋላ ሰው ድንገት «የጨዋታው ዲስክ አለህ ወይ?» ብሎ ሲጽፍ፣ የጠየቀው ስለ ዲስክ አይመስለኝም።

እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ምን ልታደርገው ነው? ነገሩን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ዳባት፣ የችግኝ ፕሮጀክቱ ቢሮ ውስጥ አንዲት ኮምፒውተር መጣች። አንድ ሠራተኛ ብቻ ይቀጠርላት ተባለ። እኔና አንተ ክረምቱን ሙሉ እሷው ላይ ተለማምደን ፈተናውን እኩል አለፍን። አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሁለታችንንም ማስቀየም ስላልፈለጉ «እንግዲያው ማሽኗ ራሷ ትምረጥ» አሉ። ማሽኗ የምታውቀው ጨዋታ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ አረንጓዴ አውሮፕላን በተራራ መካከል እየበረረች፣ ከጭላቶች እያመለጠች ጣራ ላይ የፖስታ ከረጢት የምትጥልበት። የዲስኩ ወረቀት ስለተላጠ ስሙን እንኳ አናውቀውም፤ «ፖስታ ቤት» ብለነው ቀረ። አንተ ቀድመህ ተጫወትክ፤ እኔ ተከትዬ ተጫወትኩ። በማግስቱ እኔ ሥራ ጀመርኩ። አንተ ብዙም ሳትቆይ ዘመዶችህ ወዳሉበት ወደ እስራኤል ሄድክ። እዚህ ሰው ሁሉ «ሥራውን አግኝቶ ቢሆን አይሄድም ነበር» ይላል። አንተም እንደዚያ የምትል ከሆነ ፊት ለፊት በለው።

ዲስኩን አልሰጥም። ግልባጩን በሲዲ አድርጌ፣ በዚህ ወር ወደ እናንተ ለምትበረው ለአክስትህ ልጅ ለእናናዬ ጎንደር ወርጄ እሰጣታለሁ።

ወለተ ጊዮርጊስ «ደብዳቤው ምን ይላል?» ብላ ጠይቃኝ «ሰላምታ ነው» ብያታለሁ። ለምን እንደዋሸኋት አላውቅም።

ያርጋል


አፉላ፣ በእናንተ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 2004

ወንድሜ ያርጋል፣

ሲዲው ደርሶኛል። ያን ሁሉ ፕላስተር የጠቀለልክበት ማን እንዳይከፍተው ፈርተህ እንደሆነ አልገባኝም። እኔም የከፈትኩት በቢላዋ ነው። እናናዬ «ምን ውስጡ ቢኖር ነው?» ብላ መንገዱን ሁሉ ስትፈራ መጣች።

የምለው ነገር የለም። ከዚህ እንጀምር። የምሠራበት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሻኬድ የሚባል ባልደረባ አለኝ። ሱሱ የድሮ ጨዋታ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስነሣት ነው። ምሳ ላይ ስለ «ፖስታ ቤት» አወራሁለት። «እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም» አለኝ። ሰው ወጣትነትህን የለም ሲልህ ምን ታደርጋለህ? ዲስኩን የጠየቅሁህ ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጨዋታው ግን በአዲስ ማሽን ላይ እንዲሁ በቀላሉ አይነሣም። ብዙ ለምነነው ሲነሣም ጉድ ነው። የተሠራው ለዝግተኛ ማሽን ስለሆነ የሚሮጠው በማሽኑ ልክ ነው። ጣቴን ኪቦርዱ ላይ ሳላሳርፍ አውሮፕላኗ ተራራ ላይ ተከሰከሰች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ስትነሣም አላየኋት፣ ፍርስራሿን ነው ያየሁት። ሻኬድ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ዜና?» አለ።

ስለዚህ ኢሙሌተር የሚሉትን አስመሳይ ፕሮግራም ጫንን። ሥራው ጨዋታውን መዋሸት ነው። «ያለኸው በዚያው በድሮው ማሽን ላይ ነው፣ ደርግም የወደቀው ገና ትናንት ነው» ብሎ ያሳምነዋል። ጨዋታው አመነ። ችግሩ፣ ማሽኑ ምን ያህል ዝግተኛ እንደነበር አስመሳዩ አያውቅም፤ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ እያደረግን የምንነግረው እኛ ነን። ሻኬድ የዚያን ዘመን ማሽኖች ያውቃቸዋል፤ እሱ በሚያውቀው ልክ አደረግነው።

በዚያ ልክ ሻኬድ አንተ ካመጣኸው ነጥብ ግማሹን እንኳ አላመጣም። እንግዲህ ይህን ነገር ከጸሎት በላይ የሚያዘወትር ሰው ነው። «ጓደኛህ ማን ነው?» አለኝ። «የጎንደር ሰው ነው» አልኩት። «ጎንደር ውስጥ ሰው ስንት ጣት አለው?» አለኝ።

ይህን የጻፍኩልህ ለጨዋታ ያህል ነው። በስንት ፍጥነት እንደተጫወትን ግን ትዝ ይልሃል?

ለወለተ ጊዮርጊስ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ወይም ተወው፤ እንደመሰለህ።

ዝናቡ


ደባርቅ፣ ጥር 5 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለዝናቡ፣

እንኳን ለልደት አደረሰህ እንዳልልህ ያንተ በዓል አይደለም፤ ብቻ ደህና ሁን። ጣቶቼ አሥር ናቸው። ለሻኬድ ንገርልኝ።

ባለፈው ስትደውል በኢሜይል ብንጻጻፍ አይሻልም ወይ ላልከኝ፣ አስመሳዩን ፕሮግራም እኔም ከኢንተርኔት አወረድኩት፤ እሱ እስኪወርድ ሲዲህ አፉላ ደርሶ በተመለሰ ነበር። ደብዳቤ ይሻለናል። ደብዳቤ ቢያንስ የተከፈተ እንደሆነ ያስታውቃል። ያለፈው ፖስታህ ጠርዙ ላይ ሁለት ጊዜ የታሸገ ይመስላል። አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው?

ስለ ፍጥነቱ፣ ቁጥሩን አላውቅም፤ መለኪያ ግን አለኝ። አቶ ሀብተ ሚካኤል ማሽኗ እንዳትበላሽ ብለው ከጀርባችን ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ይደግሙ እንደነበር መቼም አትረሳውም። አውሮፕላኗ ተነሥታ የመጀመሪያውን ተራራ ስታልፍ እሳቸው «ለዓለመ ዓለም» ላይ ይደርሱ ነበር። ስለዚህ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄን ዘግቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና እሳቸው ይደግሙት በነበረው አኳኋን እየደገምኩ ፍጥነቱን ዝቅ ከፍ አደረግሁ። ወለተ ጊዮርጊስ ምሳ ይዛ መጥታ በመስኮት አይታኝ፣

«ምን ሆነሃል?» አለች።

«እየለካሁ ነው» አልኳት።

ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠበል እንሂድ ብላኛለች።

ጸሎቱና ተራራው ሲገጥሙልኝ ተጫወትኩ። ነጥቤን አመጣሁ፤ እንዲያውም አለፍኩት። ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋ።

ያርጋል


አፉላ፣ የካቲት 8 ቀን 2004

ያርጋል፣

ፖስታውን ሁለት ጊዜ ያሸግሁት እኔ ነኝ። ከዘጋሁት በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመሰረዝ መልሼ ከፍቼው ነበር። ዛሬ የሰረዝኩትን ልጻፈው።

ጉዳዩ አልተዘጋም። ጸሎቱን እኔም አልረሳሁትም። የእኛ ጸሎት ባይሆንም ከጎረቤት ስሰማው ነው ያደግሁት፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በደንብ አስታውሳለሁ፤ በእኔ ተራ አቶ ሀብተ ሚካኤል «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኗ ተራራውን አልፋ ነበር። እሳቸው ገና የዕለት እንጀራ ሲለምኑ እኔ ጭላቶቹ መሀል ገብቻለሁ። አንተ «ለዓለመ ዓለም» ትለኛለህ። አንድ ማሽን፣ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ጸሎት፤ ፍጥነቱ ግን ሁለት።

ለሻኬድ ነገርኩት። ሳንድዊቹን አስቀመጠ፤ እሱ ሳንድዊች የሚያስቀምጠው ነገሩ ሲከብድ ነው።

«የሲፒዩው ፊት ላይ ቱርቦ የሚል ቁልፍ ነበር?» አለኝ።

የዚያ ዘመን ማሽኖች ነበራቸው አለኝ። አንዴ ሲጫኑት ማሽኑ ይዘገያል፤ ደግመው ሲጫኑት ይፈጥናል፤ አጠገቡ ያለችው ቁጥር ትቀየራለች። እንደ እኛ ላለው የድሮ ጨዋታ ሲባል የተሠራ ነው።

«የማሽኑን ፊት አላየሁትም» አልኩት።

«ክረምቱን ሙሉ ከፊቱ ተቀምጠህ?»

«ዳንቴል ለብሶ ነበር።»

ዳንቴል ምን እንደሆነ ሳስረዳው የምሳ ሰዓታችን አለቀ። «ኮምፒውተር ለምን ታለብሳላችሁ?» አለኝ። «ቴሌቪዥኑንም እናለብሳለን» አልኩት። አሁን እኔንም በሌላ ዓይን ነው የሚያየኝ።

ያርጋል፣ ዳንቴሉን የሠራችው ማን ናት? ፍሎፒ ስናስገባ እንኳ እሱን የመግለጥ ሥልጣን የማን ብቻ ነበር? የቢሮው ታይፒስት አልነበረችም? በአንተና በእኔ ተራ መካከል ብድግ ብላ «ተንሸራተተ» እያለች እጇን ከሥሩ አስገብታ ያስተካከለችውስ? ይህች ሴት በዓመቱ ማንን አገባች?

በስልክ ያላነሣሁት ከአጠገብህ ስለማትጠፋ ነው። ጠይቃት። ሥራው ይቅርብኝ፤ ፕሮጀክቱም ተዘግቷል። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከዳባት የወጣሁት ተሸንፌ ነው ወይስ ተገፍቼ?

ዝናቡ


ደባርቅ፣ መጋቢት 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዝናቡ፣

በዚህኛው ሰላምታው ይለፈን።

ደብዳቤህን አንብቤ ቤት ገባሁና ተቀመጥኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሬዲዮኑ ለብሷል። ፍሪጁ ለብሷል፣ ከላይ የተቀመጠው የፍሪጁ ማረጋጊያም የራሱ አለው። እዚህ ቤት ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር ከሥራቸው ያለውን አይቼ አላውቅም። ተነሥቼ ፍሪጁን ገለጥኩት። ፍሪጅ ነው።

ከዚያ በኋላ እጇን ስከታተል ከረምኩ። ኮሌታዬን ስታስተካክልልኝ እጇ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ባለፈው በጎረቤት ዕቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ ደስ አላለኝም፤ ዘወር ብዬ የት እንደተቀመጠች ነው ያየሁት። ሰው ሚስቱን መጠርጠር ሲጀምር መልካም ነገር ሁሉ ማስረጃ ይሆንበታል። ይህን ያመጣህብኝ አንተ ነህ።

ቅዳሜ ዕለት ዳንቴል እየሠራች ሳለ ጠየቅኋት።

«የዳባቷ ኮምፒውተር ላይ ቱርቦ የሚባል ቁልፍ ነበር?»

«ነበር» አለች።

«ተጭነሽው ታውቂያለሽ?»

«አንድ ቀን።»

«መቼ?»

«የውድድራችሁ ዕለት» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

የቀረውን ዛሬ አልጽፍም። ተጭናዋለች። የፈለግኸው ይህን ከሆነ አግኝተኸዋል።

ያርጋል


አፉላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2004

ውድ ወንድሜ ያርጋል፣

ሰላምታዬ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ይድረስህ። ለወለተ ጊዮርጊስም ይድረስልኝ፤ በዚህኛው «እንደመሰለህ» አልልም።

ደብዳቤህን መጋዘን ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ለሥራ ባልደረቦቼ ኬክ ገዛሁ። «የልደትህ ቀን ነው?» አሉኝ። «እንደዚያ በሉት» አልኳቸው። ሻኬድ እጄን ጨብጦ «ያልኩህ ይሄው» አለ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ትክክል ሲሆን አይቻልም።

ይቅር ብያችኋለሁ፣ ሁለታችሁንም። ከልቤ ነው። ለምን እንደተጫነችው አልጻፍክልኝም፤ መጻፍም አያስፈልግህም፤ አውቀዋለሁ። ሴት የወደደችውን ሰው ብትረዳ ምን ይባላል? እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እጄን ከዳንቴሉ ሥር አስገባ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ጣቶቼን ስታዘብ ነው የኖርኩት። መጋዘን ውስጥ ሣጥን ከእጄ ባመለጠ ቁጥር «ያኔም እንዲህ ነበሩ» እል ነበር። ጣቶቼ ደህና ነበሩ ለካ። ይህን ማወቄ ይበቃኛል። ልጆቼም አባታቸው ተሸንፎ እንዳልመጣ ሰምተዋል።

ወደ ኋላ ተመልሼ ምንም አልጠይቅህም። «የውድድር አሸናፊ» የሚለው የምስክር ወረቀት አሁንም ሱቅህ ግድግዳ ላይ እንዳለ እናናዬ ነግራኛለች። አውርደው ማለቴ አይደለም።

ወዳጅህ ዝናቡ


ደባርቅ፣ ሰኔ 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለዝናቡ፣

ይቅርታህ ደርሶናል። ለወለተ ጊዮርጊስ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ሣጥኑ ከእጅህ የሚያመልጥበት ቦታ ላይ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳትስቅ ሰማችው።

ያን ቀን ያስቀረሁብህ ይኸውልህ።

«ለእኔ ብለሽ ነው የተጫንሽው?» አልኳት።

«ለአንተ ምን ብዬ?» አለች። «ለዝናቡ ነው እንጂ።»

ማሽኗን ያስገቡት ባለሙያ ቁልፉን ያሳዩት ለእሷ ብቻ ነበር። ሲጫኑት ቁጥሯ ከስልሳ ስድስት ወደ ሠላሳ ሦስት ትወርዳለች፣ ማሽኗም ትዘገያለች ብለዋት ነበር። አንተ ልትጀምር ስትል ዳንቴሉን አስተካከለች፤ ተጫነችው፤ ቁጥሯ ስትወርድ በቀዳዳው አየች። አንተ ስትጨርስ ደግማ አስተካከለች፤ ወደ ስልሳ ስድስት መለሰችው። አንተ በዝግተኛው ተጫወትክ፤ እኔ በፈጣኑ።

«ለምን?» አልኳት።

«ሥራውን እንዲያገኝ።»

«ሥራውን አግኝቶስ?»

«እንዲቀር ነዋ» አለች። «አላሸነፈም። ሄደ። አንተ ቀረህ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ስለዚህ ታግዘህ ተሸንፈሃል። እኔ ተበድዬ አሸንፌያለሁ። የምስክር ወረቀቱን አወረድኩት፤ አቧራውን ጠረግሁና መልሼ ሰቀልኩት። የዚያን ዕለት ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት፤ መናኸሪያም ሄጄ ያን ረዳት ፈልጌው ነበር። ኩራቱ የቆየው ቤት እስክገባ ነው። ራት ላይ አየኋት፤ ያው ናት፤ ያው እጅ ነው። «ይህን ሲሰማ ምን ይላል?» አለችኝ። ስላንተ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ወይም እኔ ስሰማ።

አንድ ነገር ግን አልገጥም አለኝ። እሷ እንዳለችው ማሽኗ በአንተ ተራ ዘግይታ ከነበረ፣ አቶ ሀብተ ሚካኤል ጸሎታቸውን ጨርሰው እንደገና መጀመር ነበረባቸው። አንተ ደግሞ እንጀራው ላይ ነበሩ ትላለህ። የእኔ «ለዓለመ ዓለም» ከሁለታችሁም አይገጥምም። ከሦስታችን አንዱ ይዋሻል ብዬ ዳባት ሄድኩ።

ማሽኗ ያለችው አቶ አሻግሬ በሚጠብቁት መጋዘን ውስጥ ነው። «ያለ ደብዳቤ አልከፍትም» አሉኝ። ወደ ሱቄ ተመልሼ ራሴ ጻፍኩ፣ የራሴን ማኅተም መታሁበትና ይዤላቸው ሄድኩ። በጥንቃቄ አንብበው «እንዲህ ሕጋዊ ስትሆን ምን ነበረበት?» ብለው ከፈቱልኝ። ዳንቴሉ አሁንም ላይዋ ላይ ነው፤ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል። ገለጥኩት። ቁልፉ አለ። መብራት ሰጠኋት፤ ስክሪኗ አልበራም፣ ቁጥሯ ግን በራች፤ ስልሳ ስድስት። ተጫንኩት፤ ሠላሳ ሦስት። ልክ እሷ እንዳለችው። ደግሜ ተጫንኩት፤ ስልሳ ስድስት።

ከዚያ መብራቱን ነቅዬ ክዳኑን ፈታሁ። ከቁልፉ የሚነሣው ሽቦ ቁጥሯን ወደምታበራው መብራት ይሄዳል፤ እዚያው ያልቃል፤ ማሽኗን አይነካም። ማሽኗን የሚያዘገየው ሽቦ የሚሰካበት ቦታ ማዘርቦርዱ ላይ አለ። ሽቦ የለበትም፤ ከፋብሪካ የመጣበት የፕላስቲክ ክዳን እስካሁን አልተነሣም።

ያርጋል